በስልክ የማይሳል መጋዝ

በጥቅምት መጀመሪያ፣ የቴሻኝ ከተማ ሴቶች ለብርዱ ወራት ቃሪያ ጠብሰው በጠርሙስ በሚያሽጉበት ሰሞን፣ አንድ ማክሰኞ ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ በከተማው የሥራ አገናኝ ቢሮ ሦስት ሰዎች ነበሩ። አማካሪዋ ወይዘሮ ዘይና ከጠረጴዛቸው ኋላ፣ ሥራ ፈላጊው ኒሃድ ከጠረጴዛው ፊት ተቀምጠዋል። የኒሃድ እናት ሙኒራ ደግሞ ማንም ሳይጠራት መጥታ በሩ አጠገብ ባለው ወንበር ላይ ቦርሳዋን ታቅፋ ተቀምጣለች።

ኒሃድ ሠላሳ አራት ዓመቱ ነው። የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርቱን እንደጨረሰ ጥቂት ዓመታት እዚህም እዚያም ተላላከ፤ ከዚያ አባቱ የሚሠራበት ጣውላ መሰንጠቂያ ገብቶ የመጋዝ ምላጭ መሳልን ከአባቱ እጅ ተማረ። አባቱ ሞተ። መሰንጠቂያውም ባለፈው ክረምት ተዘጋ። አሁን ከወንዙ ማዶ ያለው የአቶ ኢዜት የወንበር ፋብሪካ መጋዝ የሚስል ሰው እፈልጋለሁ ብሎ ማስታወቂያ አውጥቷል። በዚያ አካባቢ ይህን ሙያ የሚፈልግ ሌላ ቦታ የለም። ይህ ካልተሳካ ኒሃድ እሑድ በሚነሣው አውቶቡስ ወደ ስሎቬንያ ሄዶ፣ የአክስቱ ልጅ በያዘለት ቦታ ሲሚንቶ ሊሸከም ነው። የሰፈሩ እኩዮቹ ሁሉ እንዲያ ሄደዋል። እሱ ግን አባቱ የሰጠውን ሙያ ሲሚንቶ ውስጥ መቅበር አልፈለገም።

«እሺ፣ እስቲ ስለ ራስህ ንገረኝ» አሉ ወይዘሮ ዘይና።

«ምን ልበል… ትንሽ ትንሽ መጋዝ እስላለሁ።»

«ትንሽ ስትል ስንት ዓመት ነው?»

ኒሃድ አንገቱን ደፋ። «ዐሥራ ስድስት።»

ወይዘሮ ዘይና እስክሪብቶአቸውን አስቀመጡ። «ዐሥራ ስድስት ዓመት ትንሽ ከሆነ እኔም የተወለድኩት ትናንት ነው ማለት ነው።»

«ጎበዝ ልጅ ነው» አለች ሙኒራ ከበሩ አጠገብ። «ዓይን አፋር ሆኖብኝ ነው እንጂ። አባቱም እንዲሁ ነበር። አግቢኝ ብሎ የጠየቀኝ ቀን እንኳ ያናገረው እኔን ሳይሆን ጫማውን ነው።»

«እማዬ።»

«ዝም ብያለሁ።»

ወይዘሮ ዘይና ወንበራቸውን ጠጋ አደረጉ። በዚህ ሥራ ሃያ አንድ ዓመት ቆይተዋል፤ ስለ ራሱ መናገር የማይችል ሰው ሲገጥማቸው የመጀመሪያቸው አይደለም። «ስለ ራስህ ተወው» አሉ። «ስለ ምላጩ ንገረኝ። አንድ ምላጭ መድከሙን በምን ታውቃለህ?»

ኒሃድ ቀና አለ። ምላጩን ከጠረጴዛ ላይ ትንሽ ከፍ አድርጎ ጎበጥ ሲያደርገውና የብረት ማስመሪያ አግድም ሲያስቀምጥበት፣ ከማስመሪያው ሥር ቀጭን ብርሃን እንደሚታይ ነገራቸው። ብርሃኑ ከዳር እስከ ዳር እኩል ከሄደ ምላጩ ደህና ነው። ብርሃኑ ድንገት የሚጠፋበት ቦታ ካለ ግን ብረቱ እዚያ ጋ ደክሟል፤ ጥርሱን የፈለጉትን ያህል ቢስሉት ግንድ ውስጥ ሲገባ መስመሩን ይለቃል። ያን ቦታ በመዶሻ ቀስ እያሉ መቀስቀስ ያስፈልጋል። ከልክ በላይ ከመቱት ይሰነጠቃል፤ ካሳነሱበት ተመልሶ ይተኛል። ስንት ጊዜ መመታት እንዳለበት የሚነግረው ደግሞ ድምፁ ነው። ይህን ሁሉ ሲናገር እጆቹ አየሩ ላይ ምላጭ ይዘው ነበር። ሩብ ሰዓት ያህል ተናግሮ ድንገት ሁለቱም ሴቶች እያዩት መሆኑን ሲያውቅ ዝም አለ።

«ይኸው» አሉ ወይዘሮ ዘይና፤ የተናገረውን በሙሉ ጽፈውት ነበር። «ሲቪህ ይህ ነው። አንድ ገጽ ይበቃዋል። ነገ ስትሄድ አሁን ያልከውን ነው የምትለው። ‹ትንሽ› የምትባለውን ቃል እዚህ ጠረጴዛ ላይ ትተሃት ሂድ። የሠራኸውን እኔ ሠራሁት በል። የማታውቀውን ከጠየቁህ አላውቅም በል፤ አላውቅም ያለ ሰው አውቃለሁ ሲል ይታመናል። ደግሞ…» ወደ በሩ ተመለከቱ። «ማንም እንዳይደውልልህ።»

ሙኒራ ጣሪያውን አየች።

«ለአቶ ኢዜት ሰው ካልደወለለት ማን ዞር ብሎ ያየዋል?» አለች። «እዚህ አገር ሳይደወልልህ የሚቀበልህ የጥርስ ሐኪም ብቻ ነው።»

«ወይዘሮ ሙኒራ፣ ለዚህ ሥራ በዚህ ዓመት ብቻ ሦስት ጊዜ ማስታወቂያ ወጥቷል። ሦስቱም ጊዜ የገቡት በስልክ ነው። ሦስቱም አልቆዩም።»

«እንዲደወልልኝ አልፈልግም» አለ ኒሃድ። «ከገባሁ በእጄ ነው የምገባው።» ድምፁ ከወትሮው ከፍ ብሎ ሲወጣ ራሱም ደነገጠ። ወይዘሮ ዘይና ግን ፈገግ ብለው ወረቀቱን ለመተየብ ዞሩ።

በማግስቱ አራት ሰዓት ላይ ኒሃድ ሸሚዙን እስከ አንገቱ ቆልፎ አቶ ኢዜት ቢሮ ገባ። ሌሊቱን የሚለውን ሲያሰላስል አድሮ ነበር፤ ጠዋትም ለዶሮዎቹ ጥሬ እየበተነ ሙሉውን ነግሯቸዋል። አቶ ኢዜት ወፍራም፣ ሳቂታ ሰው ናቸው። ጠረጴዛቸው ላይ ሁለት ስልኮች ጎን ለጎን ተቀምጠዋል።

«ና ግባ፣ ተቀመጥ። ሃይሮ እንዴት ነው? ጉልበቱ ተሻለው?»

ኒሃድ ፊቱ ሲግል ተሰማው። ሃይሮ የእናቱ ወንድም ነው። ከአቶ ኢዜት ጋር ወታደር ሳሉ በአንድ ድንኳን አድረዋል።

«ደህና ነው» አለ።

«ትናንት ማታ ደወለልኝ። እኔ ለሃይሮ እምቢ አልልም። በቃ፣ ሰኞ ጀምር።»

«መጋዝ መሳያው ክፍል?»

«እሱን ቀስ ብለን እናየዋለን። ለጊዜው ጣውላ ከሚደረድሩት ጋር ትሆናለህ። ከባድ አይደለም፤ ጥላ አለው።»

ወይዘሮ ዘይና ተይበው አስቀድመው የላኩለት ወረቀት ከቡና ስኒው ሥር ነበር። ስኒው ክብ ቡናማ ምልክት አትሞበታል።

«አላነበቡትም» አለ ኒሃድ።

«ለምን አነበዋለሁ? ሃይሮ ደውሏል እኮ።» አቶ ኢዜት ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ፤ በእውነት ሊያስረዱት የፈለጉ መሰሉ። «እንዳትቀየመኝ ልጄ። የተደወለላቸው ሰባት ሰዎች አሉኝ። አንዱ የሚስቴ ዘመድ ነው፤ አንዱ የከተማ ምክር ቤት ሰው የላከው ነው። ምንም ሳይሰብሩ ውለው የሚገቡበት ቦታ እፈልግላቸዋለሁ። ሙያ ያለው ሰው ቢሆንማ ማን ይደውልለት ነበር?»

ኒሃድ ይህን ሲሰማ ነገሩ ገባው። ሃይሮ ሊያነሣው ብሎ ነው የጣለው።

«እንግዲያው አጎቴ እንዳልደወለ ይቁጠሩት» አለ። «ይጠይቁኝ።»

«ምን ልጠይቅህ?»

«ስለ ሥራው።»

አቶ ኢዜት ግራና ቀኝ ተመለከቱ። ፋብሪካውን ከከፈቱ ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ሆኗቸዋል፤ እስከዚያች ቀን ድረስ ሥራ ፈላጊን ጠይቀው የሚያውቁት ጥያቄ ማን ላከህ የሚለውን ብቻ ነበር። ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ቁመትህ ስንት ነው?»

ኒሃድ ተነሣ። «አቶ ኢዜት፣ በአጎቴ ስልክ ከሆነ አልገባም።»

«እምቢ ማለትህ ነው?»

«አዎ።»

«ኩሩ ነህ» አሉ አቶ ኢዜት። አልተቆጡም፤ ገርሟቸው ነው። «እንግዲህ ኩራትህን ይዘህ በሰላም ሂድ።»

ድልድዩን ቀጥ ብሎ ተሻገረ። ከሰው ፊት ሲወጣ እንዲህ ቀጥ ብሎ የሄደበትን ሌላ ቀን ማስታወስ አልቻለም።

ቤት ሲደርስ እናቱ ግቢው ውስጥ ቃሪያ ትጠብሳለች። ሃይሮ አንድ እግሩን ዘርግቶ ወንበር ላይ ተቀምጧል፤ ጭኑ ላይ ጣፋጭ የሞላበት ካርቶን አለ።

«መጣ ሙሽራው» አለ ሃይሮ። «እንኳን ደስ አለህ። ከመሃሉ ያለውን አንሣ፣ ለውዝ የበዛበት እሱ ነው።»

«አልገባሁም።»

«ምን ማለትህ ነው? ኢዜት በአፉ ነው ቃል የሰጠኝ።»

«ሰጥቶኝ ነበር። እኔ ነኝ እምቢ ያልኩት።»

ሙኒራ የያዘችው መቆንጠጫ አየር ላይ ቀረ። ቃሪያው ማረር ጀመረ።

«አንተ ልጅ» አለ ሃይሮ ካርቶኑን እየከደነ፣ «እኔ ኢዜትን አንዲት ነገር ጠይቄው አላውቅም። ዐሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ያቺን ስልክ እንደ ጥሎሽ ወርቅ አስቀምጬ ነበር። ለገዛ ልጄ እንኳ አላወጣኋትም። ላንተ ብዬ አወጣኋት። አሁን ምን ልበለው? የእህቴ ልጅ ጣውላህን ናቀ ልበለው?»

«አጎቴ፣ በክፉ እንዳላደረግኸው አውቃለሁ። ግን አንተ ስለደወልክ ወረቀቴን አላነበበውም። ሥራ የማልችል መሰለው።»

«መስሎት ቢሆንስ? ከገባህ በኋላ ታሳየው ነበር።»

«ጣውላ እየደረደርኩ?»

ሃይሮ ከካርቶኑ አንድ ጣፋጭ አንሥቶ ራሱ በላው።

«እኔ ነኝ የለመንኩት» አለች ሙኒራ። «እሱን አትውቀሰው። ሴትዮዋ እንዳይደወል ስትል ሰምቻለሁ፤ ግን እሑድ አውቶቡሱ ሲነሣ ታየኝ። አልቻልኩም።»

ኒሃድ መቆንጠጫውን ከእጇ ወስዶ ያረሩትን ቃሪያዎች ለየላት።

ሐሙስ ጠዋት ወይዘሮ ዘይና ዘንድ ሄደ። የተገኘ እንጀራ ገፍተሃል ብለው ይቆጡኛል ብሎ ፈርቶ ነበር። እሳቸው ግን ሁሉንም እስከ መጨረሻው ሰሙት፤ የቁመቱ ጥያቄ ጋ ሲደርስ መነጽራቸውን አውልቀው ከሳቅ ብዛት ያነባውን ዓይናቸውን ጠረጉ።

«እኔና ኢዜት አንድ ክፍል ነው የተማርነው» አሉ። «ያኔም መልሱን ከጎረቤት እንጂ ከመጽሐፉ አይፈልግም ነበር።» ኮታቸውን አነሡ። «ተከተለኝ።»

«አይደውሉለትም?»

«ስልክ ስንሸሽ ስልክ እንደውል እንዴ? በእግራችን ነው የምንሄደው።»

ፋብሪካው ሲደርሱ ኒሃድን ግቢው ውስጥ ካለው የጣውላ ክምር ላይ ተቀመጥ አሉትና ብቻቸውን ገቡ። የቢሮው መስኮት ክፍት ስለነበር የሚባለውን ሁሉ ሰማ።

«ያንን ኩሩ ልጅ ልትለምኚልኝ ከሆነ፣» አሉ አቶ ኢዜት፣ «ሰኞ ይምጣ ብዬው እምቢ ብሎኛል።»

«አልለምንህም። ላንተ ነው የመጣሁት። ከዓመቱ መጀመሪያ ወዲህ ስንት የመጋዝ ምላጭ ተሰበረብህ?»

«ዐሥራ አራት» አሉ አቶ ኢዜት።

«የሳሏቸው እነማን ናቸው?»

«አንቺ ደግሞ ታውቂያለሽ እነማን እንደሆኑ።»

«አውቃለሁ። ሰው ስትቀጥር ደዋዩን ነው የምትቀጥረው፣ ኢዜት። ደዋዩ ቤቱ ይቀራል፤ ሌላ ሰው መጥቶ መጋዝህ ላይ ይቆማል። የመጣውን ሰው አንድ ቀን ጠይቀኸው ታውቃለህ?»

«ምን ብዬ ልጠይቅ? እኔ ወንበር እሸጣለሁ እንጂ መጋዝ አልስልም።»

«ደህና። የማታውቀውን አትጠይቅ፤ ሲሠራ እይ። ለዚህ ሥራ ሦስት ሰዎች ተመዝግበዋል። ለእያንዳንዳቸው አንድ የደከመ ምላጭ ስጣቸው። ማን የትኛውን እንደሳለ የማውቀው እኔ ብቻ እሆናለሁ፤ ምላጩ ላይ ቁጥር እንጂ ስም አይኖርም። ከዚያ ስቶያን ግንድ ይሰንጥቅበት። እሱ ሠላሳ ዓመት መጋዝ ላይ የቆመ ሰው ነው፤ ማንንም አይፈራም።»

«እኔንም አይፈራም» አሉ አቶ ኢዜት በቅሬታ። ቀጥለውም «ሃይሮስ? ቢቀየመኝስ?» አሉ።

«ሃይሮ መጋዝ በስልክ የሚስል ከሆነ እሱንም ቁጥር ስጠው።»

አቶ ኢዜት ሲስቁ ኒሃድ ሰማ። ሲስቁ ደግሞ ወንበሩ አብሮ ይንቋቋል።

ቅዳሜ ጠዋት ሦስቱም መጡ። አንደኛው ከዶቦይ ከተማ የመጡ ነጭ ጢም ያላቸው አዛውንት ባለሙያ ናቸው፤ የራሳቸውን መዶሻ በጨርቅ ጠቅልለው ይዘዋል። ሁለተኛው የአቶ ኢዜት ሚስት የእህት ልጅ ነው፤ ለሠርግ እንደሚሄድ ሰው ጸጉሩን በቅባት አስተኝቶታል። ሦስተኛው ኒሃድ ነበር። ወይዘሮ ዘይና ቁጥር የተጻፈባቸውን ወረቀቶች ኮታቸው ኪስ ውስጥ ከትተው ዕጣ አስወጧቸው፤ ኒሃድ ሦስት ቁጥር ደረሰው። በየተራ ገብተው ሠሩ። የጨረሰው በምግብ አዳራሹ ሆኖ ይጠብቃል።

የኒሃድ ተራ ሲደርስ ክፍሉን ዘግቶ እንደ ቀበቶ የተገጠመውን ሰባት ሜትር ምላጭ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋው። መጀመሪያ አቶ ኢዜት ከዐሥራ አራቱ ቀጥሎ ዐሥራ አምስተኛውን ምላጭ የሚሰብር ሰው የሚጠብቁ መሰለው። ከዚያ ማስመሪያውን አስቀምጦ ብርሃኑን ሲያይ ሌላው ሁሉ ከሐሳቡ ወጣ። ብርሃኑ ሁለት ቦታ ላይ ይጠፋል። አንዱ ትልቅ ነው፤ አንዱ ደግሞ የጥፍር ያህል ስለሆነ የቸኮለ ሰው ያልፈዋል። ሁለቱንም በጠመኔ ከበባቸው። መዶሻውን ቀለል አድርጎ መታ፣ አየ፣ እንደገና መታ። ትንሿን ቦታ ሦስት ጊዜ ብቻ መታትና ድምፁ ሲለወጥ አቆመ። ጥርሶቹን ሲስል የመሳያ ድንጋዩን አጥብቆ አልተጫነውም፤ ጥርስ ከሞቀና ሰማያዊ ከሆነ ለአንድ ግንድ እንኳ አይበቃም። ሲጨርስ ሸሚዙ ጀርባው ላይ ተጣብቆ ነበር።

ከሰዓት በኋላ ሁሉም ትልቁ መጋዝ ዙሪያ ተሰበሰቡ። ስቶያን ስድሳ አንድ ዓመት የሆናቸው ቀጭን ሰው ናቸው፤ መናገር አይወዱም፤ ሲናገሩ ደግሞ ሰው አይወድላቸውም። ቁጥር አንድን አስገቡና ቡክቫ የሚባል ጠንካራ ዛፍ ግንድ ጫኑ። መጋዙ ከሞላ ጎደል ቀጥ ብሎ ሄደ። መጨረሻው ላይ ግን የተቃጠለ እንጨት ሸተተ። ስቶያን ምላጩን አቁመው ጥርሶቹን አዩ። «እጁ ያውቃል» አሉ። «ድንጋዩ ላይ ግን ጨከነ።» ከዶቦይ የመጡት አዛውንት ጢማቸውን ጨበጡ።

ቁጥር ሁለት ግንዱ መሃል ሲደርስ ወደ ጎን መሄድ ጀመረ። የወጣው ጣውላ በአንድ ወገኑ ወፍራም፣ በአንድ ወገኑ ቀጭን ሆነ። ስቶያን አንሥተው ለሁሉም አሳዩት። «ይህ ለበር ማስደገፊያ ይሆናል» አሉ። ጸጉሩን የተቀባው ልጅ ስልኩን አወጣ፤ የሚደውልለት ግን አልነበረም፤ አክስቱ እንኳ ቅዳሜ ገበያ ናት።

ቁጥር ሦስት ገባ። መጋዙ ሲነሣ ድምፁ ቀጭንና አንድ ዓይነት ነበር። ግንዱን እንደ ለስላሳ ዳቦ ከፍሎት ወጣ። ስቶያን ጣውላውን በመዳፋቸው ከጫፍ እስከ ጫፍ ዳበሱት። ማንም ሳያዛቸው ሁለተኛ ግንድ ጫኑ። እሱንም ሰነጠቁ። ሦስተኛ ሊጭኑ ሲሉ አቶ ኢዜት «በቃ፣ በቃ ስቶያን፣ እንጨቴን ልትጨርሰው ነው እንዴ?» አሉ።

«ሰኞ ይህን ምላጭ ከመጋዜ ላይ የሚያወርድ ሰው እጁን እቆርጠዋለሁ» አሉ ስቶያን። «የማነው?»

ወይዘሮ ዘይና ወረቀታቸውን ዘርግተው የኒሃድን ስም አነበቡ።

ከዶቦይ የመጡት አዛውንት መጥተው እጁን ጨበጡት። «ሁለት የደከሙ ቦታዎች ነበሩት፣ አይደል?» አሉት። «ሁለት» አለ ኒሃድ። «የእኔም ሁለት ነበሩት፤ ትንሿን ያየኋት ግን አሁን ከመጋዙ ሲወርድ ነው» አሉ። ከዚህ በፊት በሕይወቱ ከተባለለት ነገር ሁሉ ይህ በለጠበት።

አቶ ኢዜት ጀርባውን መታ መታ አደረጉት። «በል እንግዲህ፣ መሳያው ክፍል የአንተ ነው። ለሃይሮም ንገረው፤ ስልኩ ከንቱ አልቀረም በለው።»

ሁሉም ሳቁ። ኒሃድም ሊስቅ ነበር፤ ለወትሮው እንዲህ ያለ ነገር ሲባል ፈገግ ብሎ መሬት መሬት እያየ ያልፋል። አሁን ዝም ካለ ግን እስከ ማታ ወሬው በከተማው ቡና ቤቶች ሁሉ ይዳረሳል፤ ሃይሮ አስገባው ይባላል፤ ከዚያ በኋላ ማንም አይፍቀውም። ወይዘሮ ዘይናን አያቸው። እሳቸው ሆን ብለው መስኮት መስኮቱን ያያሉ።

«አቶ ኢዜት» አለ። «አጎቴን አከብረዋለሁ። ግን ይህን ምላጭ የሳልኩት እኔ ነኝ። አባቴ አስተምሮኝ፣ በእጄ። ሥራውን ከሰጡኝ ለዚህ ብለው ይስጡኝ።»

መጋዙ ጠፍቶ ስለነበር ቃሉ አዳራሹ ውስጥ ጥርት ብሎ ተሰማ። ስቶያን ጓንታቸውን አውልቀው በዝግታ ጭብጨባ የመሰለ ነገር አደረጉ፤ ምናልባት የእንጨት ብናኝ እያራገፉ ይሆናል። አቶ ኢዜት እጃቸውን ኪሳቸው ከትተው አንድ የታጠፈ ወረቀት አወጡ፤ ክብ የቡና ምልክት ያለበት ነው።

«ትናንት ማታ አነበብኩት» አሉ። «ግማሹ አልገባኝም። ያልገባኝን ሰኞ ታስረዳኛለህ።»

«እሺ» አለ ኒሃድ።

«ቁመትህን ግን እስካሁን አልነገርከኝም።»

«አንድ ሜትር ከሰባ ስምንት።»

«ደህና ነው» አሉ አቶ ኢዜት፤ በመጠየቃቸው ኩራት የተሰማቸው መሰሉ።

ኒሃድ ሰኞ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ መጋዝ መሳያው ክፍል ገብቶ ሥራ ጀመረ።